የጨርቅና የሙጫ እጀታ፦ በቤት ሲሠራ ምን ያህል ያስኬዳል?

እጀታው ተሰብሮ በጨርቅ የተጠመጠመ ቢላዋ የሌለበት ጓዳ ጥቂት ነው። ብረቱ ገና ዕድሜ አለው፤ እንጨቱ ግን ውሃ ሲጠጣና ሲደርቅ፣ ሲጠጣና ሲደርቅ ኖሮ አንድ ቀን ተሰንጥቆ ይወድቃል። ያን ጊዜ ከአሮጌ ሽርጥ አንድ ቅዳጅ ይጠመጠምበታል፣ በሲባጎ ይታሰራል፣ ሽንኩርቱም ይከተፋል። ሳምንት ሳይሞላው ጨርቁ ዘይት ጠጥቶ ይላላል፣ ይሸታል፣ ቢላዋው መዳፍ ውስጥ መዞር ይጀምራል። እናቴ ጨርቁን በየጊዜው ትቀይር ነበር እንጂ አዲስ እጀታ ማሠራት ትዝ ብሏት አያውቅም።

ይህ ዳሰሳ የሚያወራው ስለዚያው ጨርቅ ነው። ልዩነቱ፣ ጨርቁ ሙጫ ጠጥቶ፣ ተደራርቦና ተጨምቆ በመጋዝ የሚቆረጥ፣ በሞረድ የሚሞረድ ሰሌዳ መሆኑ ነው። በውጭው ዓለም ቢላዋ የሚሠሩ ሰዎች ሚካርታ ይሉታል። የፋብሪካው ለገበያ ይቀርባል፤ ብዙዎች ግን አሮጌ ጂንስና ሁለት ጠርሙስ ሙጫ ይዘው በየጋራዣቸው ይሠሩታል። ቤት ውስጥ የሚሠራው የፋብሪካውን ስም ብቻ ነው የሚጋራው ወይስ ጠባዩንም? የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ስሙን መዋሱ ልክ አይደለም፤ እጀታ ሊሆን ግን ይችላል፣ ያውም ጥሩ እጀታ።

የነገሩ ሥር ያለው ወጥ ቤት ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው። ቤልጅግ የተወለደው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ ኒውዮርክ አጠገብ ዮንከርስ ውስጥ ሲሠራ ፌኖልንና ፎርማልዴሃይድን አዋህዶ ባክላይት የተባለውን ፕላስቲክ አገኘ። በ1907 እ.ኤ.አ. ያመለከተበት የፈጠራ መብት በ1909 ተሰጠው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የሙያው ሰዎች ያንን ሰነድ «የሙቀትና የጫና» እያሉ ይጠሩታል፤ አጠራሩ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ጥቂት ቆይተን እናያለን። በ1910 ገደማ የፒትስበርጉ ዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ይህንን ሙጫ ወረቀትና ጨርቅ እያጠጣ፣ እየደራረበና እየጨመቀ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሰሌዳ ማምረት ያዘ። ሚካርታ ያለው እሱን ነው። ከዚያው ኩባንያ የወጡት ሁለት መሐንዲሶች፣ ኸርበርት ፋበርና ዳንኤል ኦኮነር፣ በ1913 ሲንሲናቲ ላይ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። ሥራቸው ለኤሌክትሪክ መከላከያነት ያገለግል የነበረውን ማይካ የተባለ ማዕድን የሚተካ ነበርና «በማይካ ፈንታ» ለማለት ፎርማይካ አሉት። በየቤቱ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ላይ የተለጠፈው ፎርማይካ ይኸው ነው። ሚካርታን አናውቀውም የምንል ሰዎች የአጎቱን ልጅ ስንወለውል ኖረናል ማለት ነው።

ሌላም ዝምድና አለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ወታደር የሚደፋው ኤም-1 የተባለ የብረት ቁር ከሥሩ ሌላ ቀለል ያለ ቁር ነበረው። እሱም የጥጥ ሸራ በፌኖል ሙጫ ተነክሮ በፎርማ የተጨመቀ ነበር፤ ከአምራቾቹም አንዱ ዌስቲንግሃውስ ነው። በ1951 ኮሪያ የደረሱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የታጠቁት የአሜሪካን ትጥቅ፣ የደፉትም ይህንኑ ዓይነት ቁር ነበር። ፎቶግራፋቸው ላይ ብረቱ ይታያል፣ ጨርቁ አይታይም።

ሚካርታ ወደ ቢላዋ የተሻገረው ቀንድ፣ አጥንትና እንጨት የሚያመጡትን ጣጣ ስለሚያስቀር ነው። እንደ ቦብ ላቭለስ ያሉ ስመ ጥር አሜሪካውያን ቢላዋ ሠሪዎች ተጠቅመውበታል። ከወረቀት የሚሠራው ነጩ ዓይነት ደግሞ የዝሆን ጥርስ ይመስላል፤ ዕድሜ ሲጫነውም እንደ ዝሆን ጥርሱ ቢጫ ይላል። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ በ1989 ከተወሰነ በኋላ ይህ መመሳሰል ጥቅሙ ጨመረ።

አሁን ወደ ሙቀቱና ወደ ጫናው። የፌኖል ሙጫ ሲበስል ከራሱ ውስጥ ውሃ ይለቃል። የሚበስለው 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ውሃው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ መውጫ ፍለጋ ንብርብሩን ከውስጥ ይገነጥለዋል። ፋብሪካ ይህንን አፍኖ የሚይዘው በከባድ መጭመቂያ ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 70 ኪሎ ገደማና ከዚያም በላይ። ለአንድ ሁለት ቢላዋ የሚበቃ፣ 25 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ስፋቱ 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በ70 ሲባዛ 21 ቶን ይመጣል። እኔ ያሉኝ አራት የአናጢ ሞርሴቶዎች ናቸው። እያንዳንዱን አጥብቄ 200 ኪሎ ባገኝበት እንኳ ድምሩ አንድ ቶን አይሞላም፣ በካሬ ሴንቲ ሜትር ሦስት ኪሎም አይደርስም። በቤት ፌኖል አይሞከርም የሚባለው ለዚህ ነው። ፎርማልዴሃይዱ ለሳምባ የማይበጅ መሆኑ ሲጨመርበት ክርክሩ ያበቃል።

ቤት ውስጥ የምንሠራው ታዲያ ሌላ ነገር ነው። ኢፖክሲም ሆነ ፖሊስተር ሲደርቅ ውሃ አይለቅም፤ የሚታፈን እንፋሎት የለም። ጫናው የሚያስፈልገው አየሩንና ትርፉን ሙጫ ለማስወጣት፣ ንብርብሮቹንም ለማቀራረብ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የእኔ አራት ሞርሴቶዎች ይበቃሉ። የጋራዡ ሥራ የሚቻለውም፣ ሚካርታ ሊባል የማይገባውም በዚሁ በአንድ ምክንያት ነው።

ገበያ ላይ ሬዚን ተብለው የሚሸጡት ሁለቱ ሙጫዎች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ፖሊስተሩ የፋይበር ግላስ ሠራተኞች የውሃ ታንከርና የመኪና አካል የሚሠሩበት፣ ሽታው ራስ የሚያዞረው ነው። ርካሽ ነው። ማድረቂያው ከ1 እስከ 2 በመቶ ጠብ ይደረግበታል፤ ቀን ከበረደ በዚያ ወሰን ውስጥ ጨመር፣ ከሞቀ ቀነስ ማድረግ ይቻላል። ግን ሲደርቅ ይኮማተራል፣ አየር የነካው ገጹ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ ከብረት ጋርም እምብዛም አይዋደድም። ኢፖክሲው ይወደዳል፣ ይዘገያል፣ ሽታው ትንሽ ነው፣ ብረትና ጨርቅ አጥብቆ ይይዛል። በምላሹ ትክክለኛ ልኬት ይፈልጋል። አንድ ለአንድ ከተባለ አንድ ለአንድ፣ ሁለት ለአንድ ከተባለ ሁለት ለአንድ። ማድረቂያ ቢጨመርበት ቶሎ አይደርቅም፤ እንዲያውም የተረፈው ማድረቂያ ተጣማሪ አጥቶ ሰሌዳውን ያለሰልሰዋል።

ይህንን የተማርኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን ኢፖክሲ የገዛሁት ከትልቅ በርሜል እየቀዳ በችርቻሮ ከሚሸጥ ሱቅ ነበር። ሁለቱም ፈሳሽ በውሃ ጠርሙስ ተሞልቶ ተሰጠኝ፤ ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። መጠኑን ስጠይቅ «ግማሽ በግማሽ» ተባልኩ። አሥራ ሁለት ንብርብር ጂንስ አጠጥቼ፣ ጨምቄ፣ ሁለት ቀን ጠብቄ ስከፍተው እንደ ጫማ ሶል የሚተጣጠፍ ነገር ወጣ። ሳምንት ጠበቅሁት። አልጠነከረም። ለካ ነገሩ ሁለት ለአንድ ኖሯል። ያንን ሰሌዳ እስካሁን አልጣልኩትም፤ የበር ማቆሚያ ሆኗል።

ከሁለቱ ሙጫዎች የቱ ይሻላል ለሚለው የድሮ ሙግት መልሴ ኢፖክሲ ነው። ፖሊስተሩን የሚመርጡ ሰዎች ዋጋውን ይጠቅሳሉ፣ እውነት አላቸው። ግን እጀታው ከብረቱ ጋር የሚጣበቅበት ጊዜ ሲደርስ ለማንኛውም ኢፖክሲ መግዛታቸው አይቀርም። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ዓይነት ግን ለንብርብር አትመኑት፤ አምስተኛው ጨርቅ ላይ ሳትደርሱ ኩባያው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

የአየሩም ነገር አለ። የአምራቾቹ መመሪያ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ላለው ክፍል ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የመድረቂያው ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ በረንዳ ላይ የተተወ ሰሌዳ በማግስቱ አልደረቀም ብሎ ሙጫውን መርገም ተገቢ አይደለም። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበትና ብርድ ሲገናኙ የአንዳንዱ ኢፖክሲ ገጽ ላብ የመሰለ ቅባት ያወጣል። በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ሳይታጠብ ሌላ ነገር ቢለጠፍበት ግን ይላቀቃል።

ስለ ጨርቁ ብዙ ማለት እወዳለሁ፤ ደስታው ያለው እዚህ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ እጀታ ላይ የሚታየው የጨርቁ ገጽ ሳይሆን የተቆረጠ ጠርዙ ነው። አበባ የታተመበትን ጨርቅ ደራርቦ አበባ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ የሚያገኘው ቀጭን መስመር ነው። ቀለሙ ክሩ ውስጥ የገባ ጨርቅ ግን መስመሩም ቀለም ይኖረዋል። ጂንስ የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል። ሲሸመን ድሩ ሰማያዊ፣ ማጉ ነጭ ነው፤ ሰማያዊውም ላይ ላዩን እንጂ እስከ ክሩ እምብርት አይዘልቅም። ስለዚህ ሰሌዳው ሲሞረድ የተቆረጠው የድር ክር ሁሉ ሰማያዊ ቀለበት ያለው ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። እጀታው ጎበጥ ሲል ንብርብሮቹ አንዱ ከአንዱ ሥር ብቅ ብቅ ይላሉ። የኮንሶን እርከን ከኮረብታ ላይ ቆሞ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል።

ሸራ ወፍራም ነውና ጥቂት ንብርብር ይበቃዋል፣ ምትም ይችላል። ከተልባ እግር ክር የሚሠራው ጨርቅ ቀጭንና ጥብቅ ስለሆነ ጥቃቅን ቅርጽ ያወጣል። የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ደረጃም የሸራውን ሰሌዳ «ሲ»፣ ከቀጭን የጥጥ ሽመና የሚሠራውን «ኤል» ይላቸዋል። ወረቀት ጠጣር ሰሌዳ ይሰጣል፤ ሲወድቅ ግን ይሰነጠቃል። ጆንያ ሲያዩት ያምራል፤ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ አየር ይቋጥርና ከተሞረደ በኋላ ጥርስ እንደበላው ቆሎ ፍንክትክት ይላል። ሰው ሠራሽ ጨርቆች ሙጫ ለመጠጣት ያንገራግራሉ። አዲስ አቡጀዴም ቢሆን ከፋብሪካ የተቀባው ማጠንከሪያ በሙቅ ውሃ ካልታጠበለት እንዲሁ ነው። ከታጠበ፣ ከደረቀና ከተተኮሰ በኋላ ግን ሙጫውን እንደ ፍትፍት ይጠጣዋል።

ጋቢም ሞክሬያለሁ። ማጉ በእጅ የተፈተለ ስለሆነ ልል ነው፤ ከጂንሱ በግምት እጥፍ ሙጫ ጨረሰብኝ። ወፍራም የነበረው ሰሌዳ ሲጨመቅ ደግሞ ከግማሽ በታች ወረደ። መልኩ የማር ቀለም ነው፣ ክሩ እምብዛም አይለይም። ጥለቱን መሐል ላይ ያስገባሁበት አንድ ቦታ ብቻ ቀይና አረንጓዴ ጭረት አወጣ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቢያየው ምን እንደሚል አላውቅም።

አሠራሩን በቅርብ ልግለጸው። ሁለት የቺፑድ ቁራጮች በፌስታል ይሸፈናሉ፤ ኢፖክሲ በዚያ ዓይነቱ ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም። ጨርቁ ከሚፈለገው አንድ ሴንቲ ሜትር ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለሚጠጋ ውፍረት እንደ ጂንሱ ክብደት ከ10 እስከ 15 ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ለቁራጮቹ ደግሞ ሩብ ሊትር ገደማ ሙጫ። ሙጫው በሚዛን ወይም በመጠን ኩባያ ይለካል (አምራቹ በክብደት ይሁን በይዘት እንዳለ ታይቶ)፣ ጠርዙና ሥሩ እየተፋቀ ሦስት ደቂቃ ያህል ይማሰላል። ከዚያ አንድ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ይፈስበታል፣ ባገለገለ የስልክ ካርድ ይገፋል። ጨርቁ ጠቁሮ፣ አንድም የገረጣ ቦታ ሳይቀር ሲታይ ቀጣዩ ይደረባል።

የመጨረሻው ሲደርስ ሁለተኛው ቺፑድ ይከደንና ሞርሴቶዎቹ ይጠብቃሉ። ሙጫው በአራቱም ጠርዝ እንደ ማር ይንጠባጠባል፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ኋላ ጥርት ያለ። እዚህ ላይ ሠሪዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዱ እስከ ጉልበቱ መጨረሻ ያጠብቃል፣ ሌላው ደግሞ ብዙ ከተጨመቀ ጨርቁ ሙጫ ተርቦ ደረቅ ይቀራል ይላል። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፣ ግን ልኬቱን ለእጄ አልተውም። በቺፑዶቹ መሐል ግራና ቀኝ ዘጠኝ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሆኑ የእንጨት ማቆሚያዎች አስገባለሁ፤ ሞርሴቶው እነሱ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ሰሌዳው በአራቱም ማዕዘን እኩል ይሆናል፣ ሙጫውም አይራብም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዴ ማጥበቅ፣ ከዚያ እስከ ነገ መተው። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ሳምንት ገደማ ሲቆይ ነው።

ቀሪው የአናጢ ሥራ ነው። በሰጌቶ ይቆረጣል፣ በትራፓኖ ይበሳል፣ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። በምናለሽ ተራ ከባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚወጣ ቢላዋ ብዙ ጊዜ ወደ እጀታው የሚገባው ብረት ቀጭን ነው፤ አንድ ወፍራም ቁራጭ ተበስቶ ይሰካበታል እንጂ በሁለት ገጽ አይታቀፍም። ለእንዲህ ያለው ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ውፍረት በአንድ ቀን አትሥሩ፤ ኢፖክሲ ሲበዛ ራሱን ያግላል፣ ይሰነጠቃል። ሁለት ወይም ሦስት ሰሌዳ ሠርቶ ማጣበቅ ይሻላል። ብረቱ እስከ ጫፍ የሚዘልቅ ከሆነ ግን ሁለቱ ገጾች ከውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ይደረጋሉ፣ ብረቱ በአልኮል ይጸዳል፣ በኢፖክሲና በሁለት የነሐስ ዘንግ ይታሰራል። ማለስለሱ ላይ አትጨክኑ። ቁጥር 400 ላይ ያቆመ እጀታ እጅ በዘይት ሲርስ ይያዛል፤ እንደ መስተዋት ያበራው ያሟልጫል።

ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደርስ? ወይራ ውብ ነው፣ ጠንካራም ነው፤ ግን እንጨት ነው፣ ውሃው ይደርስበታል። ቀንድ ራሱ በተፈጥሮው ንብርብር ነው፤ ሲርስና ሲደርቅ ቅጠል ቅጠሉ የሚነሳውም ለዚያ ነው። በደንብ የጠጣ የጂንስ ሰሌዳ ቁራጭ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሬ የወጥ ቤት ሚዛኔ ልዩነቱን አላየውም፤ የጆንያው ግን ከብዶ ወጣ። በውሃ በኩል ቤት የተሠራው ያለ ሐሜት ያልፋል። የሚወድቀው በሙቀት ነው። ያለ እሳት የደረቀ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 ወይም ከ60 ዲግሪ ጀምሮ መላላት ይጀምራል፤ የፋብሪካው ፌኖል ግን በዚህ ሙቀት ምንም አይሆንም። ስለዚህ ለቢላዋ እሺ፣ ለመጥበሻና ለጀበና እጀታ በጭራሽ። የፈላ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይረሳም።

በዋጋ በኩል ራሳችንን አናታልል። ጨርቁ ነፃ ነው፤ ሙጫው፣ ጓንቱ፣ ማስኩና የብርጭቆ ወረቀቱ ተደምረው አንድ የእንጨት እጀታ ከማሠራት ይበልጣሉ። ቁጠባ ብሎ የገባበት ይከስራል። የሚያዋጣው እጁን ማፍታታት ለሚወድ፣ ወይም የሚያውቀው ሰው ልብስ ከጓዳ እንዳይጠፋ ለሚፈልግ ነው።

ከጉዳዩ ሁሉ በጣም የተናቀው ጤና ነው። ኢፖክሲ እየደጋገመ ቆዳ ሲነካ ሰውነትን ያስቆጣል፤ አንዴ አለርጂ ከያዘ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው፣ ያ ሰው ሙጫውን ሲነካ እጁ ያብጣል። ጓንት ማድረግ ግድ ነው። ቆዳ ላይ የፈሰሰውን በቲነር ማጠብ ደግሞ ሙጫውን ወደ ውስጥ መንዳት ነው፤ ሳሙናና ውሃ ይበቃል። ሲሞረድ የሚወጣው ዱቄት ጥጥና ፕላስቲክ ነው፣ ሳምባ አያውቀውም፤ ማስክ ይደረግ፣ ከተቻለም በውሃ እያራሱ ይለስልስ። ኩባያ ውስጥ የተረፈ ሙጫ እስኪጨስ ሊግል ስለሚችል ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ከሁሉ የሚከፋው የፖሊስተሩ ማድረቂያ ነው። ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል፤ መልኩ ደግሞ ጥርት ያለ፣ ውሃ የሚመስል ነው።

ውሃ የሚመስለው ይህ ፈሳሽ በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ያለ አንድ ቃል ጽሑፍ ይሸጣል። በችርቻሮ የምትሸጡ ነጋዴዎች፣ ጠርሙሱ ላይ ሦስት ነገር በአማርኛ ጻፉልን፦ ምን እንደሆነ፣ ስንት ለስንት እንደሚደባለቅ፣ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ቤት እንደሚኬድ። ገዢዎችም፣ ይህ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ ይዛችሁ አትውጡ።